ኦአር-ቱልስን ለተማሪ ሰርቪስ ተጠቅመንበታል፣ ባህር ዳር ላይ እንዴት እንደሰራ ልንገራችሁ

ረጅም ጽሑፍ ለማትወዱ ቀድሜ ልናገር፣ ኦአር-ቱልስ የትኛው መኪና የትኛውን ፌርማታ በምን ቅደም ተከተል ይዙር የሚለውን የሚያሰላ ሶፍትዌር ነው፣ ያዋጣል። ተማሪ የሚያመላልስ ትምህርት ቤት በሉት፣ ለሰራተኛ ሰርቪስ ያለው ፋብሪካ በሉት፣ ዳቦ ለየሱቁ የሚያከፋፍል ሰው በሉት፣ ብቻ ሶስት አራት መኪና ይዞ ጠዋት ጠዋት ማን የቱን ሰፈር ይዙር እያለ የሚጨቃጨቅ ሁሉ ይሞክረው ባይ ነኝ። ግን ደሞ ጭኖት ቁልፍ ሲነካ መስመር የሚያወጣለት መስሎት የሚጀምር ሰው ቶሎ ነው የሚተወው፣ ስለዚ ምኑ ጥሩ እንደሆነ ምኑ እንደሚያደክም በደንብ ላውራ፣ በተለይ እኛ ከተማ ላይ።

ኦአር-ቱልስ ማለት ጎግል የሚያወጣው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ፈቃዱም አፓቺ 2.0 ስለሆነ ለንግድ ብትጠቀሙበት እንኳን የምትከፍሉት የለም። ውስጡ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የኮድ ቋንቋ ነው የተጻፈው፣ ማዘዝ ግን በፓይተንም በጃቫም በሲ ሻርፕም ይቻላል፣ እኔ በፓይተን ነው የምሰራው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ይሄ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም፣ ኔት የለም ተብሎ የነገ ፕሮግራም አይቀርም። የምሰራበት ላፕቶፕም የተለየ ነገር የለውም፣ የምሰራበት ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚተየብበት እሱው ነው።

ስራው ለምን ኮምፒውተር እንደሚፈልግ በአንድ ቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ሚኒባስ 12 ቦታ እየቆመ ልጅ ያነሳል እንበል። እነዛን 12 ቦታዎች በስንት አይነት ቅደም ተከተል መዞር ይቻላል? በ479,001,600። ቦታው 15 ሲሆን ከ1.3 ትሪሊዮን ያልፋል። ይሄ እንግዲህ አንድ መኪና ብቻ ነው፣ የቱ ልጅ በየትኛው መኪና ይሂድ የሚለው ገና አልተነሳም። ልምድ ያለው ሹፌር ያለ ምንም ሂሳብ ጥሩ መስመር ያወጣል፣ ይሄን በአይኔ ያየሁት ነው፣ ከተማውን እንደ እጁ ያውቀዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ሹፌር የራሱን መስመር ነው የሚያሳምረው፣ ሁሉንም መኪና አንድ ላይ አርጎ የሚያይ የለም። ሁለት ሚኒባስ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ዲያስፖራ ሰፈር ገብተው አንዱ ሶስት ልጅ አንዱ ሁለት ልጅ ይዞ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነበር።

ጥያቄው ራሱ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ዳንትዚግና ጆን ራምሰር የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት ጥናት ነው በደንብ የተነሳው፣ ያኔ የነሱ ጉዳይ ቤንዚን ከዴፖ ወደ ማደያዎች የሚያደርሱ ቦቴዎች እንዴት ይመደቡ የሚል ነበር። ከዛ ወዲህ ነገሩ ተስፋፍቶ አውቶቡስም ባቡርም ላይ ገብቷል፣ የበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር የእ.ኤ.አ. 2005 የሰዓት ሰሌዳ በዚህ አይነት ሂሳብ ነው የተሰራው፣ የኔዘርላንድ ባቡርም በ2006 መጨረሻ ሙሉ ፕሮግራሙን በዚሁ መንገድ ቀይሯል። የኛ የተማሪ ሰርቪስ ከነሱ ጋር በስፋት አይወዳደርም፣ የሂሳቡ ዘር ግን አንድ ነው።

ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው አሰራር ሲገለጥ አያስፈራም። መጀመሪያ ቶሎ ብሎ አንድ የሚያስኬድ መስመር ይሰራል፣ ለምሳሌ ካለበት ቦታ ወደሚቀርበው፣ ከዛም ወደሚቀርበው እያለ። ከዛ ያንን መነካካት ይጀምራል፣ አንዱን ፌርማታ ከዚህ መኪና አንስቶ ለዛኛው ይሰጣል፣ ሁለት ፌርማታ ያቀያይራል፣ መስመሩ ራሱን የሚያቋርጥበት ቦታ ካለ ይፈታዋል። ካሳጠረ ይይዘዋል፣ ካላሳጠረ ይመልሰዋል። ከዚህ በላይ የማይሻል የሚመስልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ደሞ ጋይድድ ሎካል ሰርች የሚባለው ዘዴ ብዙ የሚያስወጡትን መንገዶች ቅጣት እየጫነባቸው ሌላ አቅጣጫ እንዲሞክር ይገፋፋዋል። መጨረሻ ላይ የሚሰጣችሁ መልስ በጣም ጥሩ ነው፣ ከዚህ የተሻለ በፍፁም የለም ብሎ ግን አይምልላችሁም። ለሰርቪስ ስራ ይሄ ምንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ባህር ዳር ልግባ፣ እዚህ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

ሶፍትዌሩ መንገድ አያውቅም። ካርታ የለውም። እሱ የሚቀበለው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፣ ከያንዳንዱ ቦታ ወደያንዳንዱ ቦታ ስንት ሜትር ወይ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ የሚል። ብዙ ጀማሪ ይሄን ሰንጠረዥ ከጂፒኤስ ነጥቦች ላይ በቀጥታ መስመር ያሰላዋል፣ ሜዳ ከተማ ነው ምን ልዩነት አለው ብሎ። ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ ሳይክል የሚነዳው ሰው ብዛት ለዛ ነው፣ ግን መሀሏን አባይ ይሰነጥቃታል ጎኗን ደሞ ጣና ይዞታል። ወንዙ ዳር በዚህ ወገን ያለ ቤትና በማዶ ያለ ቤት በቀጥታ ሲለካ ጎረቤት ናቸው፣ በመኪና ግን ድልድዩ ድረስ ሄዶ ተሻግሮ መመለስ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው፣ የሳይክልና የእግረኛ መንገድም አለው፣ መሻገሪያውን በጣም አቅልሎታል፣ ግን ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ስለሆነ መሻገሪያው ያው በዛው አካባቢ ነው። በቀጥታ መስመር ሰንጠረዥ ከሰራችሁለት ሶፍትዌሩ በታማኝነት ወንዙን በአየር ያሻግራችኋል፣ አንዱን ሚኒባስ ከወዲህ ሁለት ልጅ ከማዶ ሁለት ልጅ እያስነሳ ያመላልሰዋል፣ እሱ ቅርብ ናቸው ተብሎ ነው የተነገረው።

ስለዚ ሰንጠረዡ ከመንገድ ካርታ መውጣት አለበት። ለዚህ ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው ነፃ ካርታ አለ፣ በሱ ላይ መንገድ የሚያሰላ ኦኤስአርኤም የሚባል ደሞ ሌላ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አርጋችሁ ሙሉውን ሰንጠረዥ በአንዴ ታወጣላችሁ። ልክ ይሄን ስናስተካክል መኪኖቹ ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ፣ አባይ ማዶና ዘንዘልማን የያዙና ወዲህ ማዶን የያዙ፣ ማንም ሳይነግራቸው። ሹፌሮቹ ድሮም እንደዛ ነው የሚያስቡት፣ ያኔ ነው ሶፍትዌሩን ማመን የጀመሩት።

ሆኖም ካርታው የሚሰጠው ጊዜ የደረቅ መንገድ ጊዜ ነው። ከሹፌሮቻችን ትልቁን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ የወጣውን መስመር በወረቀት አትሜ አሳየኋቸው፣ መነፅራቸውን አርገው በጣታቸው ፌርማታ በፌርማታ እየተከተሉ ሄዱና አንዷ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ይቺን አቋራጭ ብሎ አስገባችሁ አይደል? ይቺ ፒስታ ናት፣ መስከረም ላይ ጎማ ትይዛለች። ጥቅምት ሲገባ ኑባት፣ እስከዛ በኮብልስቶኑ ዙሩ» አሉኝ። ቀጠሉና ደሞ ጊዮርጊስ ጋር ሲደርሱ «ወር በገባ በ23 በዚህ በኩል ጠዋት አትሞክሩት» አሉ። እውነት ነው፣ በ23 ቤተክርስቲያኑ ዙሪያ በጠዋት ነጠላ የለበሰ ህዝብ ሞልቶ፣ ጧፍ ሻጩ፣ ፀበል የያዘው፣ ባጃጁ ሁሉ እዛው ነው፣ ሌላ ቀን በሁለት ደቂቃ የሚታለፍ ቦታ ነው። ካርታ ላይ ይሄ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። እና ያደረግነው ምንድነው፣ ሰንጠረዡን አንድ ብቻ ማድረግ ትተን የዝናብ ጊዜ፣ የደረቅ ጊዜና የ23 ብለን ለየብቻ ያዝናቸው፣ ሶፍትዌሩ በሰከንዶች ስለሚሰራው ለያንዳንዱ የራሱን መስመር ማውጣት ምንም አይከብድም። ይሄ ለኔ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነገሩ ነው። በእጅ ሲሰራ አንድ ፕሮግራም ለዓመት ይለጠፋል፣ ምክንያቱም ድጋሚ መስራት ያማል፣ እዚህ ግን አንድ ቤተሰብ ከቀበሌ 14 ወደ ሌላ ሰፈር ቤት ቀየርን ብሎ ሲደውል አንድ መስመር ቀይሮ እንደገና ማስላት ነው።

አሁን ደሞ ከባዱን ልናገር። ሶፍትዌሩ የጠየቃችሁትን ነው የሚሰራው፣ የፈለጋችሁትን አይደለም። ጠቅላላ ኪሎሜትር ቀንስ ካላችሁት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ሰልፍ ባለበት ከተማ ደሞ ኪሎሜትር መቀነስ የመጀመሪያ ሀሳብ ነው የሚሆነው። የወጣው መስመር በኪሎሜትር በጣም ያምራል፣ ግን ስሙት ምን እንዳደረገ፣ ዘንዘልማ ያለችውን ልጅ በመጀመሪያ አንስቶ ከዛ አባይ ማዶን በሙሉ አዙሮ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወዲህም ሌላ ሰፈር ጨምሮ መጨረሻ ላይ ነው ትምህርት ቤት የሚያደርሳት። በኪሎሜትር ትክክል ነው፣ መኪናው እንደሆነ ያንን መንገድ መሄዱ አይቀርም። ልጅቷ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ወረቀቱን አይታ «ወንድሜ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ልትሳፈር ነው እንዴ? ቁርስ መቼ ትበላለች?» አለችኝ፣ እኔም መልስ አልነበረኝም፣ ልክ ናታ።

መፍትሄው ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ፣ አንደኛ ማንኛውም ልጅ መኪና ውስጥ ከ45 ደቂቃ በላይ አይቀመጥ የሚል ገደብ ማስገባት ይቻላል። ሁለተኛ ደሞ ከጠቅላላው ድምር ሌላ የረጅሙን መስመር ርዝመት ራሱን እንደ ወጪ እንዲቆጥር የሚያደርግ ነገር አለው፣ ያኔ አንዱን መኪና አጭር ሌላውን ረጅም ማድረግ አያዋጣውም፣ ያመጣጥናቸዋል። ይሄን ስናስገባ ኪሎሜትሩ ትንሽ ጨመረ። ትንሽ ነው፣ እና ያንን ጭማሪ ማን ይክፈል የሚለው ስብሰባ ላይ የሚወሰን ነገር ነው እንጂ ኮድ አይወስነውም። እዚህ ላይ ድርቅ ብዬ የምለው አለ፣ እንደዚህ አይነት ውሳኔ ኮድ የሚጽፈው ሰው ብቻውን እንዳይወስን። ወላጅ ይጠየቅ፣ ሹፌር ይጠየቅ፣ ከዛ ቁጥሩ ይገባል።

አሜሪካ ቦስተን ከተማ የደረሰውን ያነበበ ሰው ይሄ ነገር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የቦስተንን የተማሪ አውቶቡስ መስመር በኮምፒውተር ስሌት ሰርተው 50 አውቶቡስ ከመንገድ አስቀሩ፣ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላርም ተረፈ፣ ሁሉም አጨበጨበ። በዛው ዓመት መጨረሻ ደሞ የትምህርት መግቢያ ሰዓቱንም በሂሳብ እናስተካክል ተብሎ አዲስ ሰሌዳ ወጣ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነበር፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች እንቅልፍ እንዲያገኙ ታስቦ ነው፣ ግን የብዙ ትንንሽ ልጆች ሰዓት ተገለባበጠና ወላጅ ወጥቶ ተቃወመ፣ እቅዱም ተሰረዘ። ሂሳቡ አልተሳሳተም። ወላጁ ስራ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ልጁን ማን እንደሚቀበለው ሰንጠረዡ ውስጥ አልነበረም።

የሶፍትዌሩን ድክመት ደሞ ልዘርዝር፣ ማለቴ ለሚጀምር ሰው እንዲያውቀው። ነጥብ ያለው ቁጥር አይወስድም፣ 2.4 ኪሎሜትር ሳይሆን 2400 ሜትር ብላችሁ ነው የምትሰጡት፣ ይሄ ይለመዳል። የፍለጋ ጊዜ ካልገደባችሁለት ያ ጋይድድ ያልኩት ዘዴ ዝም ብሎ ይፈልጋል፣ አያቆምም፣ ስለዚ 30 ሰከንድ በሉት ወይ አንድ ደቂቃ በሉት። ትልቁ ግን ይሄ ነው፣ ያስገባችሁት ገደብ እርስ በርሱ ከተጣላ፣ ለምሳሌ ልጁ ከወንበሩ ከበለጠ ወይ በ45 ደቂቃ መድረስ የማይቻል ቦታ ካለ፣ መልስ የለም ብሎ ባዶ ነው የሚመልስላችሁ። የቱ ልጅ፣ የቱ ገደብ ነው ያጣላው አይልም። ለዚህ ብልሃቱ እያንዳንዱ ፌርማታ ቢቀር ይቅር ግን ከባድ ቅጣት አለው ብሎ መስጠት ነው፣ ያኔ ባዶ ከመመለስ ይልቅ የከበደውን ፌርማታ ትቶ ሌላውን ይሰራና የተወውን አይታችሁ ችግሩ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ይሄን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት፣ ብዙ ራስ ምታት ያድናል። ማብራሪያው በዋናነት በእንግሊዝኛ ነው፣ ምሳሌዎቹ ጥሩ ናቸው ግን ከምሳሌው ትንሽ ወጣ ስትሉ ማብራሪያው ይሳሳል። መስመሩን በካርታ ስሎ የሚያሳይም ነገር የለውም፣ የፌርማታ ቁጥር በቁጥር ነው የሚያወጣው፣ ካርታውን ራሳችሁ መስራት አለባችሁ፣ ለሹፌር ደሞ ከካርታውም የተሻለው በአማርኛ የታተመ ወረቀት ነው፣ የሰፈር ስም፣ የልጅ ስም፣ ሰዓት በኛ አቆጣጠር።

እዛው ውስጥ ሲፒ-ሳት የሚባል ሌላ ክፍል አለ፣ እሱ ለሹፌርና ለረዳት ተራ ማውጣት ጎበዝ ነው፣ ማን የትኛው ቀን ይግባ፣ ማን ይረፍ፣ ሁለት ቀን ተከታታይ የሌሊቱን አንድ ሰው እንዳይደርሰው አይነት ነገር። ለዚህ ደሞ አንዳንዴ ከዚህ የተሻለ የለም ብሎ እስከማረጋገጥ ይደርሳል። ገና በደንብ ስላልሰራሁበት ብዙ አልልም።

ውጤቱን የምትጠይቁ፣ አንዱ ሚኒባስ ከመስመር ወጥቶ ተጠባባቂ ሆነ፣ ጎማ ሲተነፍስ ወይ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ያለ መኪና ሲኖር እሱ ይወጣል። ድሮ መኪና ሲበላሽ ልጆቹ መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር። ለኔ ከኪሎሜትሩም በላይ ይሄ ነው ጥቅሙ።

አሁን ሳስብ የማዝነው በከተማው ታክሲ ነው። እኛ ለተማሪ ይሄን ከቻልን ለህዝቡስ? ጊዮርጊስ ጋር ታክሲው የሚወጣው ሲሞላ ነው፣ ተራ አስከባሪው በተራ ያስገባል፣ ሞልቶ ይሄዳል፣ መሀል መንገድ ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ልትሄድ የቆመች ተማሪ ግን ሙሉ መኪና ብቻ ነው የሚያልፋት። ስለ ጥበቃ ደሞ አንድ ሂሳብ አለ ሁሉም ሰው ቢያውቀው የምለው። ታክሲ በትክክል በየ20 ደቂቃው ቢመጣ ሰዓት ሳያይ የወጣ ሰው በአማካይ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። አንዴ በ10 አንዴ በ30 ደቂቃ ቢመጣስ? የመኪናው ቁጥር ያው ነው፣ አማካዩም ያው 20 ነው፣ የሰው ጥበቃ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይሆናል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚወጣው ረጅሙ ክፍተት ላይ ነው። አንድም መኪና ሳይጨመር፣ አንድም ሊትር ነዳጅ ሳይጨመር፣ አወጣጡን በማመጣጠን ብቻ የሚቀነስ ጥበቃ ነው ይሄ። ጠዋት ጥቂት ታክሲዎች ከመሀል ፌርማታ ባዶ እንዲነሱ ማድረግ፣ የትኛው መስመር ስንት መኪና ይመደብ የሚለውን በየወሩ እንደገና ማስላት፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለሚሄድ ህመምተኛ ከቀጠሮ ሰዓት ጋር የሚገጥም መስመር ማውጣት፣ ይሄ ሁሉ በዚሁ ነፃ ሶፍትዌር የሚሰራ ነው። የታክሲ ባለንብረቱ ገቢ እንዳይጎዳ ራሱ እንደ ገደብ ይገባል፣ መግባትም አለበት፣ አለበለዚያ ማንም አይቀበለውም፣ ልክም አይሆንም።

የጎደለው ሂሳብ ሳይሆን ቆጠራ ነው። በየትኛው ፌርማታ በየትኛው ሰዓት ስንት ሰው ይቆማል፣ ስንቱ ይሳፈራል፣ ስንቱ ትቶ በእግሩ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነው፣ ፖሊ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ወረቀትና እስኪርብቶ ይዘው አንድ መስመር አንድ ሳምንት ቢቆጥሩ ለመጀመር ይበቃል።

ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ ለምትሉኝ 8 እሰጠዋለሁ፣ ሁለቱን የቀነስኩት ባዶ መልሶ ምክንያቱን ስለማይነግርና ካርታ ስለሌለው ነው። ለመጀመር የምታስቡ ደሞ ኮዱን አትቸኩሉበት። መጀመሪያ ኤክሴል ላይ የፌርማታውን ስም፣ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ ስንት ልጅ እንደሚነሳና ቤተሰቡ ልጁን ከስንት ሰዓት በፊት ማስወጣት እንደማይፈልግ ጻፉ፣ ነጥቡን ቆማችሁ በስልክ ያዙት፣ በሩ ጋር ሳይሆን መኪናው በትክክል የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ምክንያቱም በሩ በዚህ መንገድ ሆኖ መኪናው የሚቆመው በጀርባ በኩል የሆነ ቤት ብዙ ነው። ያንን ወረቀት ለሹፌሮቹ አንብቡላቸውና የሚሉትን በሙሉ ጻፉ። የኔን ኮድ የሚፈልግ ካለ የልጆቹን ስምና አድራሻ አውጥቼ ባዶውን እሰጣለሁ።